ኑርሀን ያላየችው ገጽ

የአብዮት አባት፣ አብዮቱ ከከሸፈና እሳቸውም ጠመንጃቸውን ጥለው ድንበር ከተሻገሩ በኋላ፣ ኬንያ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ድንኳን ውስጥ ለተወለደ ልጃቸው አብዮት የሚል ስም ያወጡ ሰው ናቸው። ልጁ ከሳቸው የወረሰው ንብረት የለም፤ ግትርነታቸውን ግን ሳይሸራረፍ ወስዶታል። አሁን በሞያሌ ኬንያ ወገን የሱቅ ግድግዳና የሎሪ በር እየቀባ ይኖራል። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ስም ሲጽፍ ይውላል። የራሴ ነው የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበረው፤ እሱም በየሳምንቱ ዓርብ በቴሌግራም ቻናል የሚለቀው «ካልቶማ» የተባለ የሥዕል ታሪክ ነው።

ካልቶማ የግመል ወተት ነጋዴ ናት። ምላሷ ስለት ነው፤ ፖሊስ ታስቃለች፣ ደላላ ታስለቅሳለች። አዲስ አበባም፣ ናይሮቢም፣ ጂዳም ሆነው የሚያነቧት ነበሩ። አብዮት ግን ስሙን አላወጣም። ሞያሌ ላይ ወረቀትና እርሳስ ይዘህ የሚያይህ ሰው ምን ትሠራለህ ሳይሆን ለማን ትሠራለህ ነው የሚልህ።

ሠዓሊው እሱ መሆኑን የምታውቀው ኑርሀን ብቻ ናት። ኑርሀን የግመል አርቢው የመሐዲ ልጅ ስትሆን ከገበያው በላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። አብዮት በወረቀት ላይ የሳለውን ወደ ላፕቶፕ ታስገባለች፣ ቀለም ትቀባዋለች፣ ንግግሩን ትጽፍበታለች። አሳታሚ የለ፣ አራሚ የለ፣ የሚቆጣ የለ፣ አይዞህ የሚልም የለ። ሁለቱ ብቻ ናቸው። አብዮት ይህን ሲያስብ ደስ ይለው ነበር፤ እስከዚያ ረቡዕ ድረስ።

ያን ረቡዕ ገበያው ዳር የሻይ ቤት ግድግዳ እየቀባ ሳለ፣ ወተት ሻጮቹ ሴቶች አንድ ወረቀት ከበው ሲንከተከቱ አየ። ብሩሹን እንደያዘ ጠጋ አለ። ካልቶማ ናት። ያውም ገና ያልወጣችው ካልቶማ! በዋዜማው ለኑርሀን የሰጣት፣ ዓርብ ሊለቀው ያሰበው ገጽ ነው። ከሴቶቹ በዕድሜ የገፉት ሲያዩት ወረቀቱን ነጠቅ አድርገው በሻሻቸው ሥር ሸሸጉት።

«ምንድን ነው እሱ?» አላቸው።

«ሃኩና ኪቱ፣ ምንም አይደለም» አሉት። «ሂድ፣ ቀለምህ እንዳይደርቅብህ።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ሰው። ጠርጥሮ ስለተመነጠረ ሰው ግን ተረቱ የሚለው የለም።

ኑርሀንን በቀጥታ መጠየቅ ነበረበት፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና። እሱ ግን ሆዱ ውስጥ ቀበረው። ከዚያ ወዲህ ሱቋ ሲገባ ዓይኑ ሌላ ሆነ። ሌላ ሰው ሲመጣ ላፕቶፗን ቶሎ ትከድናለች። ስልክ ሲደወልላት ወደ ጓሮ ወጥታ በቦረንኛ ታወራለች፤ አብዮትም እንዳልሰማ ሆኖ «ገጹን ነገ አመጣዋለሁ» የምትለውን ለቀም ያደርጋል። ሥዕሉንም ትነካካበት ነበር። አንድ ሽማግሌ በትሩን የያዘበትን እጅ ትቀይራለች፣ የአንዲትን ሴት የሻሽ አስተሳሰር ታስተካክላለች። ለምን ሲላት «እንዲህ ይሻላል» ብቻ ነው መልሷ። በፊት ትጋት ይመስለው የነበረው ሁሉ አሁን ሌብነት መሰለው።

አዲስ አበባ ላለ ሰው ሸጣታለች። ገበያውን በወረቀት እየሞከረች ነው። አንድ ቀን ካልቶማ በኑርሀን ስም ትወጣለች። ሐሳቡ እንዲህ እያለ ፎቅ በፎቅ ላይ ሠራ። ደግሞስ ሌላ ምን አለው? ካልቶማ ከሄደች እሱ የሰው ስም የሚጽፍ ብሩሽ ሆኖ መቅረቱ ነው። ይናደድ ነበር፤ ከንዴቱ በታች ግን ፈርቶ ነበር።

በተከታዩ ሳምንት «አሞኛል፣ ገጽ የለም» ብሎ ላከባት።

«ፖሌ፣ እግዜር ይማርህ። የሚበላ ነገር ላምጣልህ?» ብላ መለሰችለት።

ጠርጣራ ደግነትንም ማስረጃ ያደርገዋል። «ቤቴን ልትፈትሽ ነው» አለና ሳይመልስላት ቀረ።

በሩን ዘግቶ ገጹን ብቻውን ሠራው። ቀለሙን በስልኩ ቀባ፣ ንግግሩን ራሱ ጻፈ። በዚህ ገጽ የካልቶማ ግመል ትሰረቃለች፤ ካልቶማም ዱካዋን ተከትላ ከአንድ ሌባ በረት ታገኛታለች። አብዮት በረቱን በግመል ሞላው። ግመል አንገቱ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ የባለቤት ምልክት እንደሚኖረው ያውቃል፤ ስለዚህ ለሌባው አንድ ምልክት ፈጠረለት። ቀለበት አድርጎ ከሥሩ ሁለት ሰረዝ ጨመረበት። እጁ እንዲሁ አመጣለት። የጽሕፈት ሰው ነውና ቅርጹ ደስ አለው፣ በየግመሉ አንገት ላይ ደጋገመው። ዓርብ እስኪደርስ እንኳ አልጠበቀም፤ ሐሙስ ለቀቀው። ሙገሳው ሲጎርፍ ስልኩን እያየ «ይኸው፣ አላስፈለገችኝም» አለ።

በማግስቱ ጠዋት የቦዳቦዳ፣ የሞተር ታክሲ ነጂው ጓደኛው ሀላኬ ሞተሩን ሳያጠፋ በሩ ላይ ቆመ።

«ሰምተሃል? ሺዳ፣ ችግር ተነስቷል። የግመል አርቢው የኦቦ ዋቆ ልጆች ኑርሀን ሱቅ ገብተው፣ አባታችንን ሌባ አልሽው እያሉ ሲጮኹባት ነበር።»

«እሷ ምን አደረገች?»

«በስልክ የሚዞር ሥዕል አለ፣ ካልቶማ የሚሉት። የሌባው ግመሎች ላይ ያለው የዋቆ ምልክት ነው፤ ክዌሊ፣ እውነቴን ነው፣ ቁርጥ የሱ! የካልቶማ ወረቀት ከኑርሀን ማሽን እንደሚወጣ ገበያው ሁሉ ያውቃል። አባቷ መሐዲና ዋቆ ደግሞ ከመሐዲ በጠፋች ግመል ተጣልተው ሽማግሌዎች ያስታረቋቸው አምና ነው። ነገሩን ዳግም ላያነሱት ምለው! አሁን መሐዲ መሐላውን በልጁ እጅ አፈረሰ እየተባለ ነው።»

አብዮት ምልክቱን የት እንዳየው ያን ጊዜ ትዝ አለው። ግመል ሊጫንበት የቆመ ሎሪ በር ሲቀባ፣ ዓይኑ ሥር ተገትራ የዋለች አንዲት ግመል ነበረች። አንገቷን እያየ ነበር የዋለው። ባለቤቷ ማን እንደሆነ ግን መጠየቅ ትዝም አላለውም።

«የት ናቸው?» አለ።

«ኦዳ ሰፈር፣ ዋቆ ግቢ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል።»

«ውሰደኝ።»

ሲደርሱ ሽማግሌዎቹ ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል፣ የዋቆ ልጆች ከኋላቸው ቆመዋል። መሐዲ አንገቱን ደፍቷል፣ ኑርሀን አጠገቡ ናት። የሚናገሩት አክስቷ ሐሚዳ ነበሩ፤ ያን ረቡዕ ወረቀቱን በሻሻቸው ሥር የሸሸጉት ወተት ሻጭ።

«ይህች ልጅ በየሳምንቱ ሥዕሉን አትማ ታመጣልናለች» ይላሉ ሐሚዳ። «ከመውጣቱ በፊት እኛ ሴቶቹ እናየዋለን። ሰው የሚያስቀይም ነገር ካለ እንነግራታለን፣ ሠዓሊው እንዳይከፋው ሳትነግረው ታስተካክለዋለች። ይኼኛውን አላመጣችልንም። እሷም አላየችውም፣ ዋላሂ!»

አብዮት መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። በትሩ፣ ሻሹ፣ የጓሮው ስልክ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባው። አራሚ የለኝም ሲል የኖረው ሰው አንድ ገበያ ሙሉ አራሚ ነበረው። ኑርሀን አየችው፤ ዝም በል በሚል አኳኋን ራሷን ነቀነቀች።

«ታዲያ ማን ነው የሳለው?» አሉ ዋናው ሽማግሌ ኦቦ ቦሩ።

ኑርሀን ስሙን ብትጠራ ትድን ነበር፣ አልጠራችውም። አብዮት ይህን መቋቋም አልቻለም።

«እኔ ነኝ ኦቦ ቦሩ» ብሎ ወደ ፊት ወጣ። እንዲያምኑት ከምድጃ ከሰል አንሥቶ የካልቶማን ፊት በካርቶን ላይ ሳለላቸው። ሰዉ አጉረመረመ፤ እጁ ያው እጅ ነው። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሷ አታውቅም።»

«ሠዓሊው አንተ መሆንህን አምነናል» አሉት ሽማግሌው። «ልጄ፣ ግመል አርብተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ከዋቆ ጋር ጠብ አለህ?»

«ኧረ እሳቸውን አላውቃቸውም።»

«ታዲያ ከዚህ ሁሉ ምልክት የዋቆን መርጠህ ሌባ ላይ አድርግ ያለህ ማን ነው?»

«ማንም። አንድ ቀን አይቼው ነው፤ እጄ እንዲሁ አመጣው።»

እየተናገረው ለራሱም ውሸት መሰለው። እሱ በነሱ ቦታ ቢሆን አያምንም ነበር።

«ከዚህ በፊት ያለ ኑርሀን ያወጣኸው ሥዕል አለ?»

«የለም። ይኼ ብቻ ነው።»

«ይኼ ብቻ» አሉ ኦቦ ቦሩ፣ ወደ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ዞር እያሉ። «ለምን?»

መዋሸት ይችል ነበር። ግን የሚያድናት እውነቱ መሰለው።

«ጠርጥሬያት ነው። ሥራዬን የምትሰርቀኝ መስሎኝ።»

ከዋቆ ልጆች አንዱ ከት ብሎ ሳቀ። «ጥሩ ተማክራችኋል! እሷ አላየችውም እንዲባል ነዋ!» አለ። ሽማግሌዎቹ ግን አልሳቁም። አንዱ በሌላው ጆሮ አንሾካሾከ፣ ከዚያ ሁሉም ዓይናቸውን መሐዲ ላይ ጣሉ። መሐዲ ቀና ብሎ ልጁን አየ፤ በሱም ዓይን ውስጥ ጥያቄው ነበር።

«አንተ ሂድ» አሉ ኦቦ ቦሩ። «ጉዳያችን ከመሐዲና ከልጁ ጋር ነው።»

«እውነቴን ነው ኦቦ ቦሩ፣ እለምንዎታለሁ፣ እኔን ቅጡኝ!»

የሰማው አልነበረም። ወደ ኑርሀን ዞረ። ስሙን በአፏ ይዛ እስካሁን ዝም ያለችለት ልጅ፣ አሁን እንደማታውቀው ሰው ትመለከተው ነበር።

«ሂድ ተብለሃል እኮ» አለችው።