በነፃ የተሰናበተው ዝይ

ባሌ ቫለሪዩ ጡረታ ሲወጣ ያደገባትን ከተማ ቲሚሾዋራን ለቆ እኔ ወደተወለድኩባት መንደር ወደ ዱሜሽ መጣ። የመጣው ግን ሰውነቱ ነው፤ አፉ እዚያው ቀርቷል። መብራት ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር፣ በአውሮፓ መንገዶቿን መጀመሪያ በኤሌክትሪክ ያበራችው የእሱ ከተማ እንደሆነች፣ ያውም በ1884፣ ይነግረናል። አውቶቡስ ከዘገየ በፈረስ የሚጎተተውን የድሮ ትራም ያነሳል። ፖለቲካ ከተነሳማ፣ ከኮሚኒስቶች ነፃ መውጣቷን ቀድማ ያወጀችው ከተማ የማን እንደሆነች ሳይናገር ሾርባው አይወርድለትም።

የጥርስ ሐኪም ነውና መንደርተኛው መጀመሪያ በአክብሮት ሰማው። ውሎ አድሮ ግን ከሩቅ ሲያዩት መንገድ ይቀይሩ ጀመር። እናቴ ቬቱሪያ መሸሻ ስለሌላት ሁሉንም ትሰማለች።

አንድ እሁድ ምሳ ላይ፣ ዱሜሽስ በምን ቀድማ ታውቃለች ብሎ ጠየቀ። እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"በዝይ" አለች። "በአያቴ ዘመን አንድ ዝይ የወረዳውን ሹም መቀመጫውን ነክሶ ተከሰሰ። እዚሁ ችሎት ቀርቦ በነፃ ተሰናበተ። በአውሮፓ የመጀመሪያው ነው።"

"እማማ፣ ዝይ እንዴት ይከሰሳል?"

"ነክሶ ነዋ።"

እኔ ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም፤ ግን ዳቦዬን አፌ ውስጥ ከተትኩ። እናቴ በማግስቱ ታሪኩን ይዛ ቤት ለቤት ዞረች፤ መንደሩም በደስታ ተቀበለው።

ቫለሪዩ ሊያጣራ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ ችሎቱ ገበያው መሃል ነበር አለው። የቄሱ ሚስት ዝይዋ ሴት ነበረች አለች። አንጥረኛው ደግሞ ፍርዱ ሲነበብ ዝዩ ሲያለቅስ አያቱ በዓይኑ አይቷል ብሎ ማለ። ባሌ ማታ ግራ ገብቶት ሲመለስ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ያኔ ገባው።

"ይህን ያህል አሰልችቻችኋለሁ?" አለኝ፤ ድምፁ ቀዝቅዞ።

አዎ አልኩት። ምን ልበል?

ከዚያ በኋላ ስለ ከተማው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ደስ ይለናል ብለን ነበር፤ ቤቱ ግን ጭር አለ። አንድ ምሽት መብራቱ ድርግም ሲል እናቴ ቀና ብላ አየችው፤ እየጠበቀች። እሱ አተር መፈልፈሉን ቀጠለ።

መከር ላይ ታላቅ ወንድሙ ኮርነል ከቲሚሾዋራ ሊጠይቀን መጣ። ገና ከመኪናው ሲወርድ በጭቃው አማረረ፤ ቀጥሎ በዶሮዎቹ። ምሳ ላይ ደግሞ ሆዱ ሲሞላ ወደ ባሌ ዞሮ፣

"እዚህ ተቀብረህ ልትቀር ነው እንዴ? ይሄ ቦታ ምን የሚወራለት ነገር አለው?" አለው።

የቫለሪዩ ጆሮ ሲቀላ አየሁ። አረቄውን ገፋ አድርጎ ስለ ዝዩ ይተርክ ጀመር። የሹሙ የተቀደደ ሱሪ ለማስረጃ ችሎቱ ፊት እንደተሰቀለ፣ ጠበቃው ዝዩን ታቅፎ እንደተከራከረ፣ ዳኛውም "ሹሙ በር ሳያንኳኳ ነው የገባው" ብሎ እንደፈረደ አንድ በአንድ ተናገረ። ቄሱ እንኳ ስብከት ላይ እንዲህ አይሞቃቸውም። እናቴ አፏን ከፍታ ቀረች።

ኮርነል መጀመሪያ ሳቀ፤ ቆይቶ ግን በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ጠየቀ።

"አንተ ደግሞ ዓመት ትወዳለህ" አለው ባሌ።

ኮርነልን ሸኝተን ስንመለስ እናቴ ራሷ የፕለም አረቄ ቀዳችለት። ለአማች መቅዳት ልማዷ አይደለም።

"ሱሪው ጥሩ ነው" አለችው። "እኔ አላሰብኩትም ነበር።"

"ጠበቃው ግን ከቲሚሾዋራ የመጣ ነው፤ እሱን አልለቅም።"

እናቴ ትንሽ አሰበች።

"ይሁንልህ" አለች። "ግን አርፍዶ ነው የደረሰው።"