ለረመዳን የታጠበው ኮምፒውተር

ሐጅ አብደልባር ረመዳን ሳይገባ ቤቱን፣ ሱቁንና ነፍሱን ያጸዳ ነበር። ነፍሱ ብዙም አልቆሸሸችም ብሎ ስለሚያምን፣ በዚያ ዓመት ጽዳቱን ከሱቁ ኮምፒውተር ጀመረ።

ሱቁ ግብፅ፣ ታንታ ከተማ ውስጥ ነው። ከሙሽሮች መቀመጫ በላይ የሚሰቀሉትን የስም ፊደላት በማሽን ከፎም ይቆርጣል። በጾም ወር የሚዳር ስለሌለ፣ ከረመዳን በፊት ባለው የመጨረሻ ሐሙስ ከተማው በሙሉ ይጋባል። በዚያ ሐሙስ ምሽት የገዛ ልጁ ኢንሺራሕም ልትዳር ነው። ሐጁ የሰውን ሁሉ ስም ቆርጦ፣ የእርሷን ለመጨረሻ አቆይቶታል።

ከመቁረጡ በፊት ግን፣ የሚስቱ ወንድም ሽሐታ ሥራ ፈትቶ የሚውልበትን የኳስ ጨዋታ ከኮምፒውተሩ ሊነቅል ተነሣ። ማሽኑ በትሕትና ጠየቀው፦ «እነዚህን ፋይሎች ሌሎች ፕሮግራሞች ሊጋሯቸው ይችላሉ። ይጥፉ?»

«ከኀጢአት ጋር ምን መጋራት አለ!» አለና ለሁሉም «አዎ» የሚለውን ተጫነ።

ወዲያው ፊደል ቆራጩን ፕሮግራም ሊከፍት ሞከረ። «አንድ የጋራ ፋይል ስለጠፋ መነሣት አልተቻለም» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። አጥፍቶ አበራው። ቢስሚላህ ብሎ አጥፍቶ አበራው። ያው ነው። የፋይሉን ስም ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ፣ መጀመሪያ ካገኘው ቦታ አወረደ፤ ከፋይሉ ጋር የቦርጭ ማጥፊያ ቀበቶ ማስታወቂያ ተከትሎ ገባ። ጽሑፉም «ፋይሉ የተበላሸ ነው» ወደሚል ተለወጠ። ሐጁ ይህን እንደ እድገት ቈጥሮ ሌላ ሲያወርድ የወሩ የኢንተርኔት ጥቅል አለቀ።

ስልኩ ጮኸ። ኢንሺራሕ ናት፣ ከፀጉር ቤት።

«ባባ፣ አስጌጮቹ እየጠበቁ ነው እኮ! ባዶ ግድግዳ ሥር ልታስቀምጠኝ ነው?»

«መንገድ ላይ ነው፣ የኔ ዓይን» አለ፣ ለረመዳን ባጸዳው አንደበት።

በዚህ መሐል ሽሐታ ሱፍ እየቈረጠመ ገባ። ስክሪኑን አይቶ በሣቅ ፈረሰ።

«ሐጂ፣ የሕንፃችንን ፓምፕ ያስታውሳሉ?»

«አሁን የምን ፓምፕ ነው!»

«የሦስተኛ ፎቁ ጎረቤት ዘፈን አስጮኸ ብለው ሊቀጡት የውሃውን ፓምፕ ነቀሉ። ከዚያ ራስዎ በሳሙና አረፋ እንደተለቀለቁ ቀሩ። ይሄም ያው ነው። የኔ ጨዋታና የእርስዎ ፕሮግራም የሚጠጡት ከአንድ ፓምፕ ነው።»

«ሌላ አውርጃለሁ!»

«መንገድ ላይ ያገኙትን ቱቦ ነው የሰኩት።»

ሐጁ አንገቱን ደፋ። «የደኅናውን ከየት አመጣለሁ?»

«የፕሮግራምዎ ዲስክ የታለ?»

ዲስክ የሚባል አልነበረም። ፕሮግራሙ ከጎረቤት የተቀዳ ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ስለዚህኛው ኀጢአት የተነሣ ነገር የለም።

ሽሐታ ከኪሱ ዲስክ አወጣ። «ጨዋታዬ ሲጫን ፓምፑን ይዞ ይገባል። ብቻ አንድ ቃል ይበሉልኝ፦ ጨዋታ ሐራም አይደለም።»

«ብሞት አልልም!»

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ሐጁ የልጁን ስም ስክሪኑ ላይ አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እስከ ረመዳን ድረስ... አይደለም።»

ዲስኩ ገባ። መጀመሪያ የስታዲየም ጩኸት ሱቁን ሞላው፤ ቀጥሎ ቆራጩ ፕሮግራም ምንም እንዳልሆነ ተከፈተ። ኢንሺራሕም በስሟ ሥር ተቀመጠች።

ረመዳን በገባ በመጀመሪያው ቀን ሐጁ ጨዋታውን ሊነቅል ጀመረ። ማሽኑ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀው። ለሁሉም «አይ» አለና ጨዋታውን እንዳለ ተወው። ከዚያም ፓምፑ በደኅና መሥራቱን ለማረጋገጥ ብቻ፣ እስከ ማፍጠሪያ ድረስ ኳስ ሲጫወት ዋለ።