በግንቦት ፀሐይ የተተከለ ዳስ

የእናቴ ዘመዶች አገር ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ነው። ግንቦት ሲገባ እዚያ ድንጋዩ ራሱ ይተነፍሳል። እኛ የደጋ ልጆች በየዓመቱ በዚሁ ወር እንወርድ ነበር። ወንድሞቼ ወንዝ ሲንቦጫረቁ እኔ ብቻዬን ሾላው ሥር ተጋድሜ ሰማይ ሳይ እውላለሁ። ፀሐይ ስትበርድ ግን ሁላችንም አያቴ እንዳላማው ደጃፍ ቆዳ ላይ እንሰበሰባለን፤ እሳቸውም ያንኑ ወሬ ይጀምራሉ። ወሬውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰው ሁሉ ያቋርጣቸዋል።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። አባቴ ታረቀኝ ያኔ ደብረ ማርቆስ አጠገብ የሚያርስ ወጣት ነበር። እናቴን የብርጓልን በሚባል ገበያ በርበሬ ስትሸጥ አያት፤ እሷም አየችው፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም እንቅልፍ አልነበራቸውም። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ። ሁለቱንም ጊዜ አያቴ «ከዘመድ ልምከር» ብለው መለሱ። እውነተኛውን ምክንያት ለሚስታቸው ለዘሪቱ ብቻ ነበር የነገሩ።

«የጣሊያን ሶላቶ ካምፕ ከሠራበት ሥር ልጄን ልስደድ? ደግሞስ ደጋ ከወጣች መቼ ዓይኗን አያለሁ?»

በሦስተኛው የአባቴ ሰፈር ሰው መሪጌታ አወቀ ሁለት ጎረቤቶች አስከትለው ራሳቸው ወረዱ። ዛሬም እንዲያው ከተመለሱ አራተኛ የለም፤ የታረቀኝ ቤተሰብ ሌላ ልጅ ሊያጭለት ተሰናድቷል። እናቴ ይህን ሰምታለች። ጎተራው ሥር ተሸጉጣ ጆሮዋን አቁማለች።

ሦስቱም ሽማግሌዎች ለክብር ብለው ጥቁር የበግ ጠጉር በርኖስ ደርበዋል። በዚያ ፀሐይ!

«ግቡ እንጂ» አሉ አያቴ።

«ቃልዎን ሳንሰማ አንገባም፤ አንቀመጥምም» አሉ መሪጌታ።

«እንግዲያውስ ከዘመድ ልምከር።»

«ይምከሩ። እኛ እዚሁ ቆመን እንጠብቃለን።»

አያቴ ገቡ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ሽማግሌዎቹ ግቢው መካከል እንደተተከሉ ናቸው፤ ላባቸው በጢማቸው ይንጠባጠባል። ጎረቤታችን አይናዲስ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ አየቻቸው።

«አያ እንዳላማው! ኧረ እነዚህን በጎች ወይ ይሸልቷቸው፣ ወይ ጥላ ያስገቡልን!»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተንገዳገዱ። «መሪጌታ፣ እኔስ ቀለጥሁ።»

«ቀልጠህ ቁም!» አሉ መሪጌታ።

ይህን ጊዜ ከደብረ ማርቆስ በኩል አይሮፕላን አጉረመረመ። በዚያ ሰሞን አርበኛ ፍለጋ በበረሃው ላይ ሲመላለስ ይውል ነበር። ሕዝቡ በየቤቱ ተደበቀ። አያቴ ዘለው ወጡ።

«እናንተ ሰዎች! ጥቁር ለብሳችሁ ሜዳ ላይ ተገትራችሁ ቤቴን ልታስደበድቡ ነው? ግቡ!»

«ቃልዎን ይስጡንና እንገባለን።»

አይሮፕላኑ ወደ ዓባይ ታጥፎ ራቀ፤ ግን መመለሱ አይቀርም። አያቴ በንዴት ወደ ልጆቻቸው ዞሩ፦ «አይነቃነቁም አሉ! ሩጡ፣ የዋንዛ ቅጠል ቁረጡና አልብሷቸው!»

አጎቶቼ ገጀራ ይዘው ሲሮጡ እናቴ ከጎተራው ሥር ወጥታ ተከተለቻቸው።

«ቅጠል ብቻውን በምን ይቆማል? ባላም ቁረጡ እንጂ፣ ሞኞች!» አለች በሹክሹክታ።

ባላው መጣ። አጎቴ ዶማ ሲያነሣ አያቴ ቀሙት። «አንተ ስትቆፍር ውሻ የጫረው ይመስላል» ብለው ራሳቸው እስከ ክንዳቸው ድረስ ቆፈሩ። ባላዎቹ በሽማግሌዎቹ ዙሪያ ተተከሉ፤ አግዳሚው ተጋደመ፤ ቅጠሉ ተደረበ። ሽማግሌዎቹ ዶማው ሲጠጋ እግራቸውን ሰብሰብ ከማድረግ በቀር ንቅንቅ አላሉም። አይሮፕላኑ ተመልሶ ሲያልፍ ከላይ ያየው አንድ ለምለም ዛፍ ብቻ ነበር።

አይናዲስ ከተደበቀችበት ስትወጣ ግን ሌላ ነገር ታያት። የሴት ልጅ አባት ደጃፍ ላይ ዳስ! ሥሩ ደግሞ ሦስት ሽማግሌ!

እልልታዋን ለቀቀችው። ከታች ሰፈር ሌላዋ ተቀበለች፤ ወዲያው ግቢው ሞላ። አንዷማ የጠላ እንስራዋን አዝላ ነው የደረሰች።

«ዝም በሉ! ይኼ ጥላ ነው፣ ዳስ አይደለም!» ብለው ጮኹ አያቴ።

«ይኼን በመሰለ ባላ? ለእነዚህ በጎች?» አለች አይናዲስ።

ዘሪቱ ነጠላዋን እያጣፋች መጣች። «አንተ ሰው፣ እንግዲህ ልታፈርሰው ነው? በገዛ እጁ የልጁን ዳስ የሚያፈርስ አባት እኔስ አላየሁም።»

አያቴ ባላዎቹን አንድ ባንድ አዩ። ከንፈራቸውን ነከሱ። ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«በሉ ተቀመጡ።»

«ሰጡን ማለት ነው?» አሉ መሪጌታ።

«ሰጥቻለሁ። ግን ግንቦት በገባ ቁጥር ልጄ ልጆቿን ይዛ ትወርዳለች። በዚህ ሙቀት እኛ ብቻችንን አንቃጠልም!»

ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደ ጆንያ ዱብ አሉ።

እኛም በዚያ ውል መሠረት ነው በየዓመቱ ስንቃጠል ያደግነው። ሁለተኛ ደረጃ በጨረስሁበት ግንቦት፣ አያቴ ወሬውን ሲጨርሱ፣ እናቴ አንገቷን ደፍታ ጀመረች።

«አባዬ፣ ያን ጊዜ ባላ ቁረጡ ያልሁት እኮ እኔ ነኝ።»

አያቴ ጭራቸውን ወዝወዝ አድርገው ዝንቡን አባረሩ።

«አውቃለሁ። ለጥላማ ቢሆን እስከ ክንዴ ድረስ እቆፍር ነበር?»