የግራ ጫማው አፈር

ልጅቷ ካጠናቻቸው የአፈር ባክቴሪያዎች ሁሉ ለወግ ለማዕረግ የበቃ አንድ ብቻ ነበር። የቁስል ጀርም የተዘራበት የላብራቶሪ ሳህን መሃል ጉብ ብሎ ማንንም ድርሽ አያስብልም፤ ጀርሙ ከአጠገቡ ጠፍቶ ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። በደስታ የምትይዘውን የምትጨብጠውን ያጣችው ልጅ ሳህኑን ፍሪጅ ያስገባች መስሏት፣ ከተረፈው አፈር ጋር የሚጣል ቆሻሻ ጀርሙ እንዲሞት በሚቀቀልበት የእንፋሎት ማሽን ውስጥ ከተተችው።

«ገዳዩን ቀቅለሽ ገደልሽው?» አሏት የመመረቂያ ጥናት አማካሪዋ። «እስከ ወሩ መጨረሻ መልሰሽ ካላገኘሽው ርዕስ ትቀይሪያለሽ።»

አፈሩን ወደቆፈረችበት አጥር ስር ብትሮጥ ቦታው ሲሚንቶ ለብሶ ጠበቃት። ያኔ ነው አባቷ ትዝ ያላት፤ አፈሩን ስትቆፍር አካፋ የያዘላት እሱ ነበር።

«አባዬ፣ ያን ቀን ያደረግከው ጫማ የት አለ?»

«ቀስ በይ! እናትሽ ትሰማለች።»

እናቷ ጭቃ ይዞ የገባን ሰው ከሌባ ለይታ አታይም። አባት ጫማውን በፌስታል ጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ ጀርባ ወሽቆት ነበር። ፌስታሉ ሲንኮሻኮሽ እናት ከች አለች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«መድኃኒት» አለ አባት።

«አንተ ሰውዬ! መኝታ ቤቴ ውስጥ ጭቃ?» ብሩሿን አነሳች።

ድምጿ የማይሰማው ልጅ ጮኸች። «እማዬ፣ አፈር ስሆን አትንኪው!»

የእናት ብሩሽ አየር ላይ ቀረ። የቀኙ ጫማ ተጠርጓል፤ ከግራው ተረከዝ ስር ግን የደረቀ ጓል ተጣብቋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ድርቀት አይገድላቸውም፤ ተኝተው ይቆዩና ውሃ ሲያገኙ ይነቃሉ። ልጅቷ ጓሉን በማንኪያ ፈቀፈቀችው።

«ደግሞ በማን ማንኪያ?» አለች እናት።

ወሩ ሳያልቅ ቀለበቱ አዲስ ሳህን ላይ ብቅ አለ። አማካሪዋ አዩት፣ ደግመው አዩት።

«ከየት አገኘሽው?»

«ከአባቴ ጫማ... ከግራው።» ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ርዕስሽን ይዘሽ ቀጥዪ» አሉ፣ ሳቃቸውን አፍነው። «ግን ጫማው ሌላ የት የት ረግጧል? ከዚያም አፈር አምጪና አወዳድሪ።»

ምሳ ላይ አባቷን ጠየቀችው። አባት አንዴ ልጁን፣ አንዴ ሚስቱን አየ።

«ቀጥታ ወደ ቤት ነው የመጣሁት።»

«ለጥናቱ እኮ ነው አባዬ።»

«እንግዲህ... ካርታ በምንጫወትበት ቤት በኩል ትንሽ ጎራ ብዬ...»

«ትቻለሁ ብለህ አልማልክም?» አለች እናት።

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ማንኪያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ልትወጣ ስትል እናቷ በሩ ላይ ጫማዋን እያሰረች ነው።

«ጠብቂኝ። ቦታውን እኔም ልወቀው።»