የዕድሩ ድንኳን በኩሬው ላይ

ለብቸና ከተማ ሕዝብ በሙሉ! በመጋቢት ወር 2007 ዓ.ም.፣ ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልብስ ሰፊው ይስማው ሁለቱንም ጫማዎቹን ማውለቁን በታላቅ አክብሮት እንገልጻለን።

ያወለቀው ከከተማው ዳር ባለው የመስኖ ኩሬ አጠገብ ነው። ከሳምንት በፊት ክር ሊገዛ ሞጣ ሄዶ፣ ጭማቂ ቤት ውስጥ በዲሽ አንድ ጉድ አይቷል፤ ሳንቃ ላይ የቆሙ ፈረንጆችን፣ ሰማይ ላይ የተነፋ ሸራ በገመድ እየጎተተ ባሕር ላይ ያስጋልባቸዋል። "ካይት ሰርፊንግ ይባላል፤ ዘንድሮ ዓለሙ ሁሉ አብዶበታል" አለው ጭማቂ ሻጩ። ሚኒባሱ ጥሎት ሄደ። ይስማው አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ብቸና ሲመለስ፣ ለጥገና የመጣ የዕድር ድንኳን ሱቁ ውስጥ ተጋድሞ ጠበቀው።

አንዲት ስንዝር አልቆረጠም። አጣጥፎ እንደዚያ ሸራ አድርጎ በእጁ ሰፋው፤ ክሩ ሲመዘዝ መልሶ ድንኳን ይሆናል። የካውያ ጠረጴዛውን ሳንቃ ነቅሎ የበረባሶ ማሰሪያ ቸነከረበት። የዕድሩ ደንብ ግን አጭር ነው፤ "ንብረት ያበላሸ ይሰረዛል።" ከዕድር የተሰረዘ ሰው ደግሞ ብቸና ውስጥ ባይሞት ይሻለዋል፤ ቀባሪ የለውም።

ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ውሃው ውስጥ ገባ። የመጋቢት ነፋስ መጣ። ድንኳኑ ተነፍቶ ከባሕር ዛፉ በላይ ወጣ። ይስማውም ቆመ!

አንድ ነገር ግን ዘንግቷል፤ ያ ድንኳን ከፍ ብሎ ከታየ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ አግዳሚ ወንበር ተሸክመው፣ እያለቀሱ ወደ ኩሬው ወረዱ።

"ማነው የሞተው?" አሉ እትዬ ይርጋነሽ።

"ገና ነው እትዬ፤ እየሞከረ ነው" አላቸው አንዱ ወንበር ተሸካሚ።

ይስማው ኩሬውን ከዳር እስከ ዳር ጋልቦ የዕድሩ ዳኛ የአቶ ኃይለ ሚካኤል ሽንኩርት መደብ ላይ ተዘረጋ።

"ይሰረዝ!" አለ ጸሐፊው ባንተአምላክ።

ዳኛው ክሩን መዘዙ፤ ድንኳኑን አስዘርግተው እየዞሩ አዩት።

"አምና የተቀደደውስ?"

"ሰፍቼዋለሁ ጋሼ።"

"እንግዲህ ምን አበላሸ?" አሉ እትዬ ይርጋነሽ አግዳሚው ላይ እየተመቻቹ። "እኔ እንባዬን በከንቱ አፍስሻለሁ። ይልቅ ይድገምልን!"

ዳኛው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። "እሺ፣ አይሰረዝም። የሽንኩርቴንም ምሬዋለሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ ምክንያቱ ይጻፍና ይብቃን። በል ልጄ፣ ምን ነክቶህ ነው?"

ባንተአምላክ እስክሪብቶውን አዘጋጀ። ይስማው ጫማዎቹን አነሳ፤ ሱሪው ውሃ ያንጠባጥባል።

"አልናገርም" አለ፤ "ብነግራችሁ ነገ ሁላችሁም ትፈልጋላችሁ፤ ለእኔ ተራ አይደርሰኝም።"