የአማቱ ኩላሊት

«በእሳቸው ኩላሊት እኮ ነው የቆመው» አለች አንዷ ጎረቤት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አሁን ደግሞ ዓይናቸውንም ወሰዱ አሉ።»

«በስመ አብ! ዓይናቸውን?»

ሹፌሩ ሁለት ባዶ ቴርሞስ እንደያዘ ኩሽናው በር ላይ ቀጥ አለ። ቢገባ ሴቶቹ ሊያፍሩ ነው፤ እንዳይመለስ ሳሎኑን የሞላው ለቀስተኛ ቡና ይጠብቃል። ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው፣ «ስኒ ታጠበ?» አለ። ሁለቱም አንድ ላይ ብድግ አሉ፤ አንዷን ስኒ ለማጠብ ተሻሙ።

ሐሜቱ ውሸት ቢሆን ኖሮ ባልከበደው። ግን እውነት ነው። ይህ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ስምንት ዓመት የኖረው የሚስቱ እናት በሰጡት ኩላሊት ነው። እሳቸው ደግሞ እነሆ ከትናንት በስቲያ ተቀበሩ።

ሰፈሩ «መቀስ» ይላቸው ነበር። መተዳደሪያቸው ልብስ ስፌት ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ምላሳቸውም ይቆርጣል። ሹፌሩ ልጃቸውን ሊጠይቅ በመጣ ዕለት ከእግር እስከ ራሱ ለክተውት «አውቶቡስ ነጂ ነህ? ታዲያ ልጄን የት ድረስ ልታደርሳት ነው?» አሉት። ከተጋቡም በኋላ በስሙ ጠርተውት አያውቁም። «አንተ ሹፌር» ነው። የሸሚዙ ቁልፍ ሲላላ እያጉረመረሙ ነቅለው ይሰፉለታል፤ ሊያመሰግን ሲል ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው ይሄዳሉ።

ኋላ ኩላሊቶቹ ደከሙ። በሳምንት ሦስቴ እጥበት ገባ፤ መሪ የሚያዞር ክንዱ በመርፌ ተበሳሳ። የሚስቱ ኩላሊት አልስማማ አለው። ተስፋ በቆረጡበት ሰሞን አንድ እሑድ መቀስ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ ጃንጥላቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ፣ አልጋው ግርጌ ቆሙ።

«ተመርምሬያለሁ። የእኔው ይሆናል ብለዋል። ውሰድ።»

«እማማ፣ ኧረ አይሆንም! እርስዎ ተጎድተው እኔ ልኑር?»

«አባን ጠይቄያለሁ፤ ኃጢአት የለበትም ብለውኛል። አንተ ከአባ ትበልጣለህ? ደግሞ ላንተ እንዳይመስልህ። ልጄ ባሏ ሞቶባት ስታለቅስ ማየት ስለማልፈልግ ነው።»

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ይደውሉ ነበር። «ኩላሊቴ እንዴት አደረ?» ነው የሚሉት፤ እንዴት አደርክ ብለውት አያውቁም። «ውሃ ጠጣ! በጥም ልትጨርስብኝ ነው?» ሊያመሰግናቸው አፉን በከፈተ ቁጥር «ምስጋናህን ለሐኪሞቹ ንገር፤ እኔ ሥራ አለብኝ» ብለው የስፌት መኪናቸውን ይረግጣሉ። ስምንት ዓመት ሙሉ ምስጋናው ጉሮሮው ላይ ቀረ።

ባለፈው ሳምንት እዚያው ስፌት መኪናቸው ላይ ድፍት አሉ። ጭንቅላታቸው ውስጥ የደም ሥር ፈንድቶ ነው አለ ሐኪሙ፤ የቀረችው ኩላሊታቸው እስከ መጨረሻው ደህና ነበረች። ሹፌሩ ይህን በጆሮው ሰምቷል። ልቡ ግን አልሰማም። ሁለት ቢሆኑላቸው ኖሮስ እያለ ይብሰለሰላል።

ከሰዓት በኋላ የመቀስ ታናሽ ወንድም ደረሰ። ግንበኛ ነው፤ የሚኖረው ሩቅ አገር፣ ጎርፍ መንገድ ዘግቶበት ቀብሩ አመለጠው። የእህቱን ልጅ አቅፎ «ሳልቀብርሽ! ሳልቀብርሽ!» እያለ አለቀሰ። ሹፌሩ እጁን ዘርግቶ ቆመ። ግንበኛው እጁን አይቶ አለፈው።

ወሬ ደግሞ እግር አለው። አንድ ስኒ ቡና ሳያልቅ የዓይኑ ነገር ግንበኛው ጆሮ ገባ። ስኒውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ቡናው ፈሰሰ።

«ጎደሎ አድርጋችሁ ቀበራችኋት ማለት ነው? በቁሟ ኩላሊቷን፣ ሞታ ዓይኗን! በትንሣኤ ቀን እህቴ በምኗ ልታየኝ ነው?»



«ጋሼ፣ እማዬ ራሷ ናት ስጡልኝ ያለችው» አለች ሚስትየው። «የዓይኗን ብሌን ነው የወሰዱት። ‹አፈር ከሚበላው የሚያይበት ሰው ይይበት› ስትል ስንቴ ሰምቻታለሁ።»



ጥግ ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው የተቀመጡት አረጋዊ ካህን፣ አባ፣ ናቸው ጣልቃ የገቡት። መቀስ ዕድሜ ልካቸውን ያስቀደሱት በእሳቸው ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው።

«ና እስቲ፣ አጠገቤ ተቀመጥ» አሉት ግንበኛውን። ተቀመጠ። «ባሕር የዋጠውን፣ እሳት የበላውን የሚያስነሳ አምላክ የእህትህ ዓይን ይጠፋበታል? ሬሳ ይከበር እንላለን፤ አካል እንደ ዕቃ አይሸጥም፣ አይለወጥም እንላለን፤ ሰውየው በእርግጥ ሳይሞት ማንም አይነካውም እንላለን። ወዶ የሰጠውን ግን ምጽዋት ነው የምንለው።»

«ኩላሊቷስ አባ? እሱ በቁሟ አይደለም?»

«እሱን ለእኔ ተወው። እኔ ነኝ የመረመርኳት።» አባ ፈገግ ማለት ዳዳቸው። «‹ማን አስገደደሽ?› አልኳት። ‹እኔን? እኔን የሚያስገድድ ሰው ተወልዷል?› አለችኝ።»

ከወንበሮቹ መካከል አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው።

«‹የሚከፈልሽ ነገር አለ?› አልኳት። ‹ሹፌር ምን አለውና!› አለች። ‹በአንዱ ብቻ በጤና መኖር እንደምትችዪ ሐኪሞቹ አረጋግጠዋል? አንዱን ለማዳን ሌላውን መግደል አይፈቀድምና› አልኳት። ‹አረጋግጠዋል› አለች። ደግሞ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹እንግዲያው ልቤን ቢጠይቀኝ አይሆንም ማለት ነው?› ፈጽሞ አይሆንም አልኳት። ‹እሰይ! እሱን እንኳ ልሰጠው አላሰብኩም።›»

አሁን ሳሎኑ በሙሉ ሳቀ፤ ሚስትየውም ዓይኗን እየጠረገች። ግንበኛው ብቻ አንገቱን እንደደፋ ነው።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አሉ አባ፣ ወደ ሹፌሩ ዞረው። «ንስሐ ላይ የተነገረኝ አይደለም፤ በረንዳ ላይ ቆመን ነው። እስክሞት ዝም ይበሉ ብላኝ ነበር፤ ዝም አልኩ። ለምን እንደምትሰጥህ ጠየቅኳት። ‹ለልጄ ብዬ ነው ብዬዋለሁ› አለች። ‹ልጄማ ወጣት ናት፤ ታለቅሳለች፣ ትጽናናለች። ይሄ ሰውዬ ግን ዝናብ በዘነበ ቁጥር አውቶቡሱን ከፌርማታው አሳልፎ ደጄ ላይ ያቆምልኛል። ተሳፋሪው ይሰድበዋል፤ እሱ ወደ እኔ እንኳ ዞር አይልም፣ እንዳላፍር ነው። ወድጄዋለሁ፣ አባ። የምሰጠው ለራሱ ነው። እንዳይነግሩት ብቻ፤ ይቀብጣል።›»

ሹፌሩ ቀብሩ ላይ አላለቀሰም ነበር። አሁን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሲዝል፣ ስምንት ዓመት ጉሮሮው ላይ የቆየው ቃል ማንም ሳያቋርጠው ወጣ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እማማ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ግንበኛው ራሱን እየነቀነቀ በእንባው ውስጥ ሳቀ። «እሷ ናት! ‹ይቀብጣል!› ይሄ የእህቴ አፍ ነው!»

ተነስቶ መጣና ሹፌሩ አጠገብ ዘጭ አለ። 

«የት ጋ ነው?» አለ ቀስ ብሎ።

«ምኑ፣ ጋሼ?»

«የእሷ ነዋ። ጀርባህ ላይ ነው?»

«አይ፣ የተሰጠውን ኩላሊት ከፊት ነው የሚያስቀምጡት።»

ሹፌሩ የግንበኛውን ሸካራ እጅ ይዞ ከቀበቶው ዝቅ ብሎ፣ በቀኝ በኩል፣ ሸሚዙ ላይ አሳረፈው። ከቆዳው ሥር ጠንከር፣ ሞላ ያለ ነገር ነበር። ግንበኛው ግድግዳ የሚፈትሽ ይመስል ጣቶቹን ቀስ ብሎ አሳረፈ። ዓይኑን ጨፈነ።

አዲስ ለቀስተኞች በሩ ላይ ደረሱ። «እግዜር ያጽናችሁ» አሉ።

«አሜን» አለ ሹፌሩ፤ ሊቀበላቸው ግን አልተነሳም። በራሱ እጅ የግንበኛውን እጅ ከላይ ሸፍኖ ያዘው።