የተሰረቀ የመቀነስ ምልክት

ዶክተር ምንይችል ሽማግሌ የላከው የፊዚክስ ጉባኤው ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር። ሼህ ኢስሃቅና ከሐይቅ እስጢፋኖስ የመጡ አንድ መሪጌታ የኑርሀያት አባት ቤት ገብተው ተቀመጡ። ነገሩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ኑርሀያት ለማስተርስ የደከመችበትን ስሌት፣ አማካሪዋ የነበረው ምንይችል በራሱ ስም ብቻ አሳትሞታል። ስሟ ቢኖርበት ኖሮ ዛሬ ዶክትሬቷን ትማር ነበር፤ አሁን እዚያው ሐይቅ ከተማ ዘጠነኛ ክፍል ታስተምራለች። እሱ ደግሞ በዚያው ጽሑፍ ሹመት ሊያገኝ ነው፤ ሐይቁ ዳር ባለው አዳራሽም ሊያቀርበው ይመጣል።

ሽማግሌዎቹ የለመኑት አንድ ነገር ነው፤ በሰው ፊት ሌባ እንዳትለው። አባቷ ሀምዱ ዓይን ዓይኗን ያዩዋታል። ወሎ ላይ ሽማግሌ ደጅ ረግጦ «አፉ፣ ይቅር ብያለሁ» ሳይባል አይመለስም።

«አፉ ብያለሁ» አለች። «ሌባ አልለውም። ጥያቄ ግን እጠይቀዋለሁ።»

«ጥያቄማ የተማረ ሰው ወጉ ነው» አሉ መሪጌታው። መርቀዋት ወጡ።

ስሌቱ፣ ሁለት ፓዮን የሚባሉ ቅንጣቶች የአቶምን እምብርት አጥብቆ በሚይዘው ኃይል ሲጋጩ እንዴት እንደሚበተኑ የሚያሳይ ነው። በዝግታ ሲጋጩ ይሳሳቡ ወይም ይገፋፉ እንደሆነ የሚናገር አንድ ቁጥር አለ። አንዳንዱ መጽሐፍ መሳሳብን በመደመር ምልክት ይጽፋል፣ አንዳንዱ በመቀነስ። ኑርሀያት የተማረችው በመቀነሱ ነው። ምንይችል ቁጥሯን ከነምልክቱ አንስቶ፣ መሳሳብ መደመር ነው በሚል የራሱ ጽሑፍ ውስጥ ሰካው። ያነበበች ዕለት ብቻዋን ሳቀች፤ ለማንም ግን አልተነፈሰችም። እንዲህ ያለ ስህተት ሰው የተሰበሰበ ቀን ነው የሚፈለገው።

በጉባኤው ቀን ከኋላ ተቀመጠች። ከአዲስ አበባ የተጋበዙት ፕሮፌሰር ሽታው ከፊት ነበሩ። ምንይችል ቅንጣቶቹ ለምን እንደሚገፋፉ አሳምሮ አብራርቶ ሲጨርስ እጇን አነሳች። የሽማግሌዎቹን ቃል አምኖ ፈገግ አለላት።

«ዶክተር፣ ከሙከራ የወሰዱት ግራፍ ይሳሳባሉ ይላል። ከሥሩ ያለው የእርስዎ ቁጥር ይገፋፋሉ ይላል። የትኛውን እንመን?»

ግራፉን አየ፤ ቁጥሩን አየ። ፕሮፌሰሩ ማርከር አቀበሉትና ስሌቱን ከመነሻው እንዲያወጣው ጠየቁት። ሁለት መስመር ጽፎ ቆመ። አጠፋው። ደግሞ ጻፈና ቆመ። ላብ በጆሮ ግንዱ ወረደ። ኑርሀያት አላዘነችለትም፤ እንዲያውም ቶሎ ባይጨርስ ደስ ይላት ነበር።

«ይህን ቁጥር ያወጣው ማነው?» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ምንይችል ወደ ኋላ ወንበር ተመለከተ። እሷ በመስኮቱ ሐይቁን ታያለች።

«ተማሪዬ ነበረች» አለ በመጨረሻ። «ኑርሀያት ሀምዱ።»

ያኔ ተነስታ ማርከሩን ከእጁ ተቀበለች፤ ስሌቱን አወጣችው። ይሳሳባሉ።

ምሳ ላይ ሼህ ኢስሃቅ ደውለው ወቀሷት፤ አፉ ብላ ሳለ ሰውየውን ማዋረዷ ምን ይባላል?

«ሌባ ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ሼህ። ራሱ ነው ያለው።»

ስልኩን ዘጋችና የተጠበሰውን ዓሣ ከአጥንቱ ትለይ ጀመር። ቀዝቅዟል። ጣፈጣት።